«ፈትቼዋለሁ በልልኝ»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። በየጾሙ መግቢያ በፊታቸው ተንበርክኬ፣ የተቆጣሁትን፣ ያማሁትን፣ በማኅሌት ላይ ያንቀላፋሁትን ሁሉ በየስሙ እየጠራሁ እዘረዝርና፣ ወደዚህኛው ስደርስ «በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን» በምትለው ሰፊ ቃል ጠቅልዬ አልፈው ነበር። እሳቸው ቅን ሰው ነበሩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ያሰናብቱኛል። እኔም ሌላውን ሁሉ አራግፌ፣ ያንን አንዱን ከነጠላዬ ሥር እንደ ያዝሁት እወጣለሁ። ባለማወቅ የሠራሁት አይደለም። እያወቅሁ ሠራሁት። አውቄ ሠርቼ፣ አውቄ ሸሸግሁት።

በደሌን አስቀድሜ ልናገር፤ ታሪኩን ሰምታችሁ ሳትጨርሱ እንዳታዝኑልኝ። አንዲት እናት ልጇን በግዝት አሥራ ነበር። ልትሞት ስትል ከግዝቱ ፈታችው። የፈታችበትን ቃል ለልጇ እንዳደርስ ለእኔ በአደራ ሰጠችኝ። አላደረስሁትም። ልጁ እንደ ታሰረ ኖረ፤ እንደ ታሰረ ሞተ።

ስሙ ቢያድግልኝ ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሦስቱ ስላላደጉላት እናቱ እንዲህ ብላ ጠራችው። አደገላትም። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ፒያኖ የሚጫወት፣ ጃዝ የሚባለውን የፈረንጅ ሙዚቃ ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ ሆነ። እኔ ግን ሳውቀው እንደ እኔው የዜማ ተማሪ ነበር።

ከእንጅባራ ብዙም በማትርቀው በጥርባ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለን ድጓ የተማርን እኩዮች ነን። ሁለታችንም በአገውኛ አፋችንን የፈታን የገበሬ ልጆች ነን። እኔ የሩቅ መንደር ልጅ ነበርሁ፤ እሱ ግን የእናቱ የወይዘሮ አንጓች ቤት ከተማሪ ቤታችን በአንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ይለይ ነበር። ቁራሽ ለምኜ ባዶ እጄን በተመለስሁ ቀን ወይዘሮ አንጓች የገብስ ቂጣዋን ለሁለት ትገምስና ግማሹን ለልጇ፣ ግማሹን ለእኔ ትሰጥ ነበር። ገምሳም ግማሾቹን በዓይኗ ትለካለች፤ የእኔ ያነሰ ከመሰላት ከእሱ ላይ ቆርሳ ትጨምርልኛለች።

ዜማን ግን እግዚአብሔር እንዲህ አልገመሰልንም። እኔ ሦስት ሳምንት የደከምሁበትን እሱ ሁለት ጊዜ ሰምቶ በሦስተኛው ከየኔታ ጋር ያዜማል። የኔታ ማመስገን የማይወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ግን ቢያድግልኝ አዚሞ ሲጨርስ፣ «ይህ ልጅ አይማርም፤ ያስታውሳል እንጂ» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ ሊያጽናኑኝ መስሏቸው፣ «አንተም በርታ፤ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ይባቤ መሆኑ ቀርቶ «እንቁላሉ» ተባልሁ። ቢያድግልኝ ብቻ በስሜ ይጠራኝ ነበር። ይህም አናደደኝ። ለምን እንደ ሌሎቹ አልሰደበኝም? ቢሰድበኝ እኮ የምጠላበት ምክንያት ይኖረኝ ነበር።

የዜማ ምልክቶች ስምንት ናቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ከእነዚህም ጋር አንዱ ቅናት ይባላል። ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር የሚጻፍ ትንሽ ምልክት ነው፤ ሥራውም ድምፅን ከነበረበት አንሥቶ ወደ ላይ መሳብ ነው። ሌላው ተማሪ ቅናት ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ቦይ እንደሚሻገር ሰው። ቢያድግልኝ አይዘልም ነበር። በዘንገና ሐይቅ ላይ ጧት ጧት ጉም ሲነሣ አይታችሁ ከሆነ፣ መቼ ከውኃው እንደ ተለየ አይታወቅም፤ ብቻ ተነሥቶ ታገኙታላችሁ። የእሱ ቅናት እንዲያ ነበር። እኔም ያችን አንዲት ምልክት እንደ እሱ ላወጣት ብዬ ብቻዬን ወደ ሐይቁ አፋፍ እየወረድሁ፣ ሰው በማይሰማኝ ቦታ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እለማመዳት ነበር። ምልክቷ ወደ ጉሮሮዬ አልመጣችም። ስሟ ግን በልቤ ገባ።

ጠላት ከአገር ከወጣ ዐሥር ዓመት ያህል ሲሆነው፣ የቢያድግልኝ አጎት ከዳንግላ መጥቶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ላስገባው ብሎ ወሰደው። የኔታ እጅግ አዘኑ፤ ሁለት ወር ታገሡና «ሂድ፣ መልሰህ አምጣልኝ» ብለው ላኩኝ። ቀኑን ሙሉ ተጉዤ ዳንግላ ስደርስ፣ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በተሰበሩ ወንበሮች መካከል አገኘሁት። ከወረራው በፊት በከተማዪቱ የኖረ አንድ ፈረንጅ ትቶት በሄደው ፒያኖ ፊት ተቀምጧል። የፒያኖውን አንድ እግር ምስጥ ስለበላው በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል።

«ይህ ምን የሚሉት ሣጥን ነው?» አልሁት።

«ሣጥንስ ሣጥን ነው» አለኝ እየሳቀ። «እህል ሳይሆን ድምፅ የተከተተበት ነው። ና ስማ፤ ሕንዳዊው መምህራችን ጣቴን እንዴት እንደማስቀምጥ አሳይቶኛል።»

«የኔታ ተመለስ ብለውሃል።»

«እሺ ብሏል በላቸው።»

«ትመጣለህ ማለት ነው?»

«አልመጣም። እሺታው ለየኔታ ነው፤ አለመምጣቱ ለእኔ።»

ከዚያም ከፒያኖው ነጫጭ ጥርሶች አንዱን ነካ፤ ቀጥሎ ያለውን ነካ። «በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንዲት ድምፅ አለች፤ ሠሪው ረስቷታል። የእኛ ቅናት እዚያች ላይ ናት። ሁለቱን አብሬ ነክቼ አንዱን ቶሎ ስለቀው፣ አየህ፣ ትነሣለች» አለኝ። ተነሣችም። ከተሰነጠቀ እንጨትና ከዛገ ሽቦ ውስጥ፣ እኔ ዓመታት ለምኜ ያጣኋት ድምፅ እንደ ጉም ተነሣች። ምን አልሁት? «የአይጥ ጎጆ ይሸታል» አልሁት። ተመልሼም ለየኔታ፣ «ልጁ ጠፍቷል፤ ተስፋ ይቁረጡ» ብዬ ነገርኋቸው። እሺ ማለቱን አልነገርኋቸውም። ቃል መዋጥን ያን ጊዜ ጀመርሁ።

ዓመታት አለፉ። እኔም እንደ ተባለልኝ ቀስ በቀስ በእግሬ ሄድሁ፤ ድጓን አስመስክሬ መሪጌታ ተብዬ ወደ ጥርባ ተመለስሁ። የኔታ ሊያርፉ ሲሉ መቋሚያቸውን ሰጡኝ። «ለእሱ አስቀምጬው ነበር፤ እንግዲህ ያዘው» አሉ። ያዝሁት። እስከ ዛሬ ያዝሁት። በእያንዳንዱ ማኅሌት ላይ በዚያ መቋሚያ መሬቱን ስመታ፣ «ለእሱ ነበር፣ ለእሱ ነበር» የሚለኝን ያህል፣ የሰጡኝን በረከት ሰምቼበት አላውቅም።

ቢያድግልኝ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከአንድ የሙዚቃ ጓድ ጋር ሆቴል ውስጥ መጫወት ጀመረ። ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። ወይዘሮ አንጓች ፊደል አትቆጥርም፤ አማርኛም እምብዛም ስለማትችል እኔ ወደ አገውኛ እየመለስሁ አነበብሁላት። ደብዳቤው «ደኅና ሥራ አገኘሁ፤ ጃዝ እጫወታለሁ» ይል ነበር።

«ጃዝ?» አለች። «ማንን ሊያስነክሱ?»

ውሻን በሰው ላይ ስናስነሣ የምንለው ቃል ነውና እኔም ሳቅሁ። ውሻ ሁለት ቋንቋ አያውቅም፤ በአማርኛም ሆነ በአገውኛ በሚያወሩበት ግቢ ጃዝ ያው ጃዝ ነው። ነገር ግን ከዚያ በታች ሌላ መስመር ነበረ። «እማዬ በስሙ እንዳትደነግጪ፤ ጃዝ ማለት እንደ ቅኔ ዘረፋ ነው፤ መንገዱ የታወቀ ሆኖ ቃሉ ግን እዚያው ቆሞ የሚወለድ» ብሎ ጽፎ ነበር። ያችን መስመር ዘለልኋት። ለምን ዘለልኋት? ቅኔ መዝረፍ የእኔ ዓለም ስለሆነ ነው። እሱ ጥሎን ሄዶ፣ በፈረንጅ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ አሁንም ባለቅኔ ነኝ ማለቱን አንጀቴ አልቻለውም። ወይዘሮ አንጓች ልጇ ውሻ በሚያስነሡበት ቃል የሚጠራ ሥራ እንደሚሠራ ብቻ ይዛ ቀረች።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ግድም ራሱ መጣ። ከእንጅባራ በፈረስ ሲመጣ ከደብራችን ደጅ አየሁት፤ ኮትና ባርኔጣ ለብሷል። ወርዶ ትከሻዬን ሳመኝ። «መሪጌታ ልበልህ ወይስ ይባቤ?» አለኝ። ከአጥሩ ሥር፣ ከተማሪ ቤቱ መደብ ላይ ቁጭ ብለን የመጣበትን ነገረኝ። በትልቅ አዳራሽ፣ በመኳንንትና በውጭ አገር ሰዎች ፊት፣ የራሱን ድርሰት እንዲያሰማ ተጋብዟል። ድርሰቱም ከቤተ ክርስቲያን ዜማዎች በአንዱ፣ በእዝል ላይ የተመሠረተ ነው። አራት ዓመት ደክሞበታል። ድርሰቱ ከተወደደ ባሕር ማዶ ወስዶ የሚያስተምረው ፈረንጅ አግኝቷል። «የእማዬን ምርቃት ሳልቀበል ግን ከዚያ ፒያኖ ፊት አልቀመጥም። አንተም ስማውና ስሕተት ካለው እረመኝ» አለኝ።

ፒያኖ አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ በጣቶቹ የመደቡን ጭቃ እየነካ በአፉ አሰማኝ። ስለሰማሁት ነገር ምን ልበላችሁ? ማንም ሌላ ሰው ቢሆን አልገባኝም ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። እኔ ግን ዜማ አዋቂ ነኝ፤ ሥራዬ መስማት ነው። ዜማውን አላረከሰውም። አልጨመረበትም፣ አላጎደለበትም። በዙሪያው ቤት ሠራለት እንጂ። ወደ ቅናቷ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉሙ ተነሣ። እኔ ድጓን በልቤ የያዝሁ፣ መቋሚያ የጨበጥሁ መሪጌታ፣ የእሱ አንድ ጣት የሚያውቀውን ያህል እንደማላውቅ በዚያች ሰዓት ተረዳሁ።

«ምንም እርማት የለኝም» አልሁት። እውነት ነበር። ደስ ብሎት ሳቀ።

በማግስቱ ወይዘሮ አንጓች ወደ እኔ መጣች። «መሪጌታ፣ አንተ ተምረሃል» አለችኝ። «ይህ ልጄ የሚለው ነገር ለነፍሱ ደግ ነው?»

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ይህች ሴት ቂጣዋን በዓይኗ ለክታ የገመሰችልኝ ሴት ናት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የፈለገችው፤ «ደግ ነው» የምትል ቃል።

«እናታለም፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኋት። «የኔታ ቢኖሩ ግን የሚያለቅሱ ይመስለኛል። የቤተ መቅደሱን ዜማ ወደ ጃዝ ሊያወርደው ነው።»

«ወደ ጃዝ?»

«ሰዎች እየጠጡ ወደሚሰሙት።»

ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር ተቆርቁሬ ነው ልበል? ስለ ቤተ እግዚአብሔር መቅናትም ቅናት ይባላልና፣ ለብዙ ዘመን ያንኛውን ቅናት በዚህኛው ላይ እንደ ካባ ደርቤ ስለብሰው ኖሬአለሁ። ግን አይደለም። አዳራሹ መጠጥ የማይቀርብበት መሆኑን ነግሮኝ ነበር። አውቅ ነበር።

ወይዘሮ አንጓች ቤቷ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ድምፅዋ ስለ ተሰማኝ ተከትዬ ገባሁ። ልጇ ቆሟል። እሷ የቤቱን ምሰሶ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ደረቷን ይዛ፣ በአገውኛ፣ «ያንን የቤተ ክርስቲያን ዜማ በዚያ ሣጥን ብታሰማ፣ በጠባኸው ጡቴ ገዝቼሃለሁ» አለችው። ቢያድግልኝ ወደ እኔ ብቻ ተመለከተ። ትላንት ምንም እርማት የለኝም ያልሁት ሰው ስለሆንሁ፣ እንድናገርለት ጠበቀ። እኔ መቋሚያዬን አየሁ።

ጃዝ የሚጫወተው እሱ ነበር። ጃዝ ያልሁት ግን እኔ ነኝ። እናትን በልጇ ላይ ጃዝ ያልሁት እኔ ነኝ።

እሱም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በአዳራሹም ከፒያኖው ፊት ተቀመጠ። የራሱን ድርሰት ግን ተወው፤ ባሕር ማዶ የተሠራ የሰው ድርሰት ተጫወተ። ያ ፈረንጅ፣ «ጣትህ መልካም ነው፤ የራስህ የምትለው ነገር ግን የለህም» ብሎት ሄደ። ይህን ኋላ ራሱ ነገረኝ፤ ሲነግረኝም ይስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሆቴል ለሆቴል እየዞረ የሰው ሙዚቃ ሲጫወት ኖረ። ሥራው እንጀራ አብልቶታል፤ ስምም አግኝቶበታል። ለእናቱ በየዓመቱ ጋቢ ይልካል። ወይዘሮ አንጓችም ልጄ ከኃጢአት ተመለሰልኝ ብላ ስትመርቀው ቆየች። እኔ በውስጤ ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። እሁድ ማኅሌት ላይ ድምፄ የተሻለ መሰለኝ።

አንድ የገበያ ቀን ግን ወይዘሮ አንጓች እንጅባራ ወርዳ፣ ሰዒድ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ጨው ስትገዛ፣ ከመደርደሪያው ላይ ያለው ራዲዮ የልጇን ስም ጠራ። ቀጥሎ ፒያኖ ተሰማ። ሰዒድ አዛኝ ሰው ነበር፤ በርጩማ አውጥቶ አስቀመጣት፣ ደንበኞቹንም «ዝም በሉ፣ ልጇ ነው» አላቸው። እስኪያልቅ ሰማችው። ሲያልቅ ጨውዋን እዚያው ትታ ወጣች። ጨውዋን ከነወሬው ያመጣልኝ ራሱ ሰዒድ ነው። «እማማ ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ ‹ዙሪያውን ይዞራል፣ አይገባም› ይሉ ነበር» አለኝ።

እኔ ገባኝ። ድርሰቱን አንድ ጊዜ፣ ያን ቀን ከመደቡ ላይ፣ በአጥሩ በኩል ሰምታው ኖሯል። ልጇ በሰው ዜማ ውስጥ እየሄደ የራሱ ደጅ ላይ ሲደርስ፣ ሳይገባ እንደሚመለስ ለየችው። መሪጌታው ሳይሆን፣ ፊደል የማትቆጥረው እናት ለየችው።

በዚያው ክረምት ታመመች። ነፍስ አባቷ አቍርበዋት በሄዱ ማግስት አስጠራችኝ። ጎረቤቶቹ ለእርሻ ሥራ ወጥተው ስለነበር እኔና እሷ ብቻ ነበርን። እጄን ያዘች።

«ፈትቼዋለሁ በልልኝ» አለችኝ በአገውኛ። «እንደ ወደደ ያሰማው። ክፉ አልሰማሁበትም። ድገምልኝ።»

«ፈትቼዋለሁ ብላለች፤ እንደ ወደድህ አሰማው» ብዬ ደገምሁላት።

«ድገም።»

ደገምሁ። ሦስተኛም ደገምሁ። ሦስት ጊዜ ከአፌ ወጣ። «አንተም ልጄ ነህ፤ አንድ ቂጣ ነው የበላችሁት» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

ቢያድግልኝ ለቀብሯ አልደረሰም፤ ለአርባዋ መጣ። ጠጕሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። ተዝካሩ ከተበላ በኋላ፣ ያንኑ መደብ ላይ፣ ከጎኔ ተቀመጠ።

«አንተ ነበርህ አሉ በአጠገቧ። ምን አለች?»

«ስምህን ጠራች።»

«ሌላስ?»

ቃሉ በአፌ ውስጥ ነበር። ሦስት ጊዜ የለመድሁት ቃል ነው። ምላሴን ማንሣት ብቻ ነበር የቀረኝ። በዚያች ቅጽበት ያየሁትን ልንገራችሁ፤ አዳራሹን አየሁ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብለት አየሁ፣ ጉሙ ሲነሣ ሰማሁ። እኔ ደግሞ በመቋሚያዬ ላይ ተደግፌ በጥርባ ስቀር አየሁ።

«ሌላ አልሰማሁም» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ። «ካህን ሊፈታኝ አይችልም? አንተ መጽሐፉን ታውቃለህ፤ ያልኸኝን አምናለሁ» አለኝ።

ካህን እንደሚፈታው አውቅ ነበር። የመፍታት ሥልጣን የተሰጠው ለዚህ ነው። እኔ ግን በማንኛውም መጽሐፍ የሌለውን ሕግ ከልቤ አውጥቼ፣ ግዕዝ በማነብበት ድምፅ አስውቤ፣ «የእናትን ግዝት ከእናት በቀር የሚፈታው የለም» አልሁት። የመጀመሪያው በደሌ ዝምታ ነበር፤ ይህኛው ግን ሐሰት ነው። በዝምታዬ አሠርሁት፤ በሐሰቴ ቋጠሮውን አጠበቅሁት። እሱም ተነሥቶ ጎንበስ አለና እጄን ሳመኝ። «እውነቱን ስለ ነገርኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሌላው ቢሆን ሊያስደስተኝ ብሎ ይዋሸኝ ነበር» አለኝ።

የሳመኝ ይህ ቀኝ እጄ ነው። አሁን የምጽፍበት።

ከዚያ ወዲያ በአካል አልተያየንም። ልጽፍለት ስንት ጊዜ ብዕር አነሣሁ? ቆጥሬ አላውቅም። ሁልጊዜ ግን «ለፋሲካ እጽፍለታለሁ» እላለሁ፤ ፋሲካው ሲመጣ በራዲዮ እሰማዋለሁ፤ ስሰማው ደግሞ ጣቶቹ አሁንም ከእኔ ጉሮሮ ይበልጣሉ። በሰው ዜማ እንኳ ይበልጠኛል። ስለዚህ አልጽፍም። ሰው የታሰረ ባላጋራውን እየፈራ ይኖራል?

ብዙ ዓመት ቆይቶ ሞቱን ሰማሁ። ከወራት በኋላም አብሮት ሲጫወት የኖረ፣ ጡሩምባ የሚነፋ አንድ ሽማግሌ ጥርባ ድረስ መጣና በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ሰጠኝ። «ለመሪጌታ ይባቤ ስጡልኝ፤ ዜማ አዋቂው ያስቀምጠው ብሎ ነው» አለኝ። «ይህን ድርሰቱን አንድ ቀን እንኳ አሰምቶን አያውቅም። አሰማን ስንለው ‹እናቴ አልፈታችኝም› ይለናል። እኛም ቀልድ ይመስለን ነበር።»

ደብተሩ የፈረንጅ የሙዚቃ መስመር ያለበት ነው። በመስመሮቹ ላይ የፒያኖው ፊደል ተጽፏል፤ ከእሱ በላይ ደግሞ፣ ልክ እንደ ብራናችን፣ ስምንቱ ምልክቶች በቀይ ቀለም ተቀምጠዋል። ጉሙ የሚነሣበት ቦታ ላይ ስደርስ በጠርዙ በእጁ የጻፋቸው ሦስት ቃላት አገኘሁ፤

«ቅናት፤ እንደ ይባቤ።»

ዜማ ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ይህች ምልክት ይባቤ እንደሚያወጣት ትውጣ ማለት ነው። ከሐይቁ አፋፍ ላይ ብቻዬን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስለማመድ፣ ለካ ይሰማኝ ኖሯል። ለካ ያችን ድምፅ የሰማው ከእኔ ነው፤ ለካ እኔ በእሱ የቀናሁባት ድምፅ የራሴው ኖራለች። አንዳንድ ቀን እንዲህ አነብበዋለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ እንደ ተጻፈው ብቻ አነብበዋለሁ፤ ቅናት ማለት ቅናት ነው፣ ይባቤ ማለትም እኔ ነኝ። አውቆብኝ ነበር? አውቆ ነው እጄን የሳመው? ይህን የሚነግረኝ የለም። የትኛው እንደሚከፋም አላውቅም፤ ባያውቅ ያመነኝን አሰርሁት፤ ቢያውቅ ደግሞ እያወቀ ታሰረልኝ።

እንግዲህ ጨረስሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። «እግዚአብሔር ይፍታህ»ም አትበሉኝ። የገዘተው ካልፈታ የሚፈታ የለም ብዬ ሕግ የሠራሁ እኔ ነኝ። የበደልኋቸው ሁለቱም መሬት ገብተዋልና፣ በሠራሁት ሕግ እኔው ታስሬበት ልቅር።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ደብተሩ በጥርባ፣ በእኔ ቤት፣ በየኔታ መቋሚያ አጠገብ አለ። ያንን ሣጥን መንካት የሚችል ሰው ከመካከላችሁ ካለ ይምጣና ይውሰደው፤ እንደ ወደደም ያሰማው። ግዝት የለበትም። ቢያድግልኝ፣ እናትህ ፈትታሃለች። ክፉ አልሰማሁበትም ብላለች። ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች፤ ይኸው አራተኛውን ደገምሁት።